ለውሻ ሽልማት አሰጣጥ፦ ከሥጋው ይልቅ ቅጽበቱ

ውሻው «ቁጭ» ተብሎ ቁጭ ይላል። ባለቤቱ ደስ ብሎት እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ውሻው ብድግ ይላል፤ ሥጋው ሲወጣ ደግሞ ዘሎ ይቀበላል። ባለቤቱ መቀመጥን የሸለመ ይመስለዋል፤ ውሻው ግን ሥጋውን ያገኘው ሲነሣና ሲዘል ነው። ይህ በቀን አሥር ጊዜ ከተደጋገመ፣ ከሳምንት በኋላ «ቁጭ» ሲባል መቀመጫውን ለአፍታ መሬት አስነክቶ ወዲያው የሚነሣ ውሻ ይገኛል። ባለቤቱም ወይ «ግትር ነው» ይላል፣ ወይ የተሻለ ሥጋ ፍለጋ ይወጣል።

ሥጋው ምንም አላጠፋም። በሽልማት የሚሠለጥን ውሻ አልማር ሲል ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሽልማቱ በተሰጠበት ቅጽበት፣ በተሰጠበት ቦታ ወይም በደቂቃ ውስጥ በተሰጠው ብዛት ላይ ነው። ምን ዓይነት ምግብ ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ከእነዚህ በኋላ ቢመጣ ይሻላል፤ ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው ከእሱ ነው።

ውሻው ካልፈለገው ሽልማት አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1898 ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የራባቸውን ድመቶች ከውስጥ ሊከፈት የሚችል ሣጥን ውስጥ እያስገባ፣ ምግቡን ከውጭ አስቀምጦ፣ ለመውጣት የሚፈጅባቸውን ጊዜ ይለካ ነበር። ድመቶቹ መጀመሪያ ያገኙትን ሁሉ ይቧጥጣሉ፤ ሙከራው ሲደጋገም በሩን ያላስከፈተው እንቅስቃሴ እየቀረ፣ ያስከፈተው ደግሞ እየፈጠነ መጣ። በኋላ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ያስፋፋው ትምህርት ከዚሁ የተነሣ ነው። ለውሻ ባለቤት የሚጠቅመው ፍሬ ነገር አጭር ነው፦ አንድ ነገር ሽልማት የሚባለው ከእሱ በፊት የነበረውን ድርጊት ወደፊት እንዲበዛ ካደረገው ብቻ ነው። ሰጪው በምን ሐሳብ እንደሰጠ አይቆጠርም።

በዚህ መለኪያ ሲታይ «ሽልማት» ተብሎ ከሚሰጠው ውስጥ ጥቂት የማይባለው ይወድቃል። ጭንቅላትን መደባበስ ጥሩ ምሳሌ ነው። ብዙ ውሾች እጅ ከላይ ሲመጣባቸው አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ጆሯቸውን ወደ ኋላ ይጥላሉ፣ ከንፈራቸውን ይልሳሉ። ይህን ያየ ባለቤት ውሻው የተደሰተ ሊመስለው ይችላል፤ ውሻው ግን እጁ እስኪነሣለት እየጠበቀ ነው። ለማጣራት ደረቱን ወይም የአንገቱን ጎን ለ3 ሰከንድ አሸት አሸት አድርገው እጅዎን ይሰብስቡ። ተጠግቶ እጅዎን በአፍንጫው ከገፋ ወይም ሰውነቱን ከተደገፈብዎ ለእሱ መታሸት ሽልማት ነው። ባለበት ከቀረ ወይም ሰውነቱን ካራገፈ አይደለም፤ ቢያንስ በዚያ ሰዓት አይደለም።

የቃል ሙገሳ ብቻውንም እንደሚታሰበው አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 በታተሙ የአሜሪካ ጥናቶች፣ ምግብና መታሸት አማራጭ ሆነው ሲቀርቡላቸው ውሾቹ በአብዛኛው ወደ ምግቡ አዘነበሉ። መታሸትና የቃል ሙገሳ ሲቀርቡ ደግሞ መታሸቱን መረጡ፤ ሲወደሱ ከሰውየው ጋር የቆዩበት ጊዜ ምንም ሳይደረግላቸው ከቆዩበት ብዙም አልራቀም። ስለዚህ ማወደሱን አይተዉት፣ ግን ደመወዝ አድርገው አይቁጠሩት።

ቅጽበቱን በቃል መያዝ

ሽልማቱ ድርጊቱ በተፈጸመ በግማሽ ሰከንድ፣ ቢበዛ በ1 ሰከንድ ውስጥ መድረስ አለበት። በ3 ሰከንድ ውስጥ ውሻ ተቀምጦ፣ ዞሮ፣ አሽትቶ፣ ሊነሣ ይችላል። የትኛው እንደተከፈለበት የሚነግረው ደግሞ የለም። የሰው እጅ ግን ከኪስ እስከ ውሻ አፍ በግማሽ ሰከንድ አይደርስም። መፍትሔው ትክክለኛውን ቅጽበት በድምፅ ምልክት ማድረግና ምግቡን ከዚያ በኋላ ማድረስ ነው።

ለዚህ አጭር፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃና የሚባል ቃል ይመረጣል። «ጎሽ!» በጣም ይመቻል፤ አንድ ትንፋሽ ነው፣ ለውሻው ከሚሰጡት ትእዛዞች ጋርም አይመሳሰልም። «ጎበዝ የኔ ቆንጆ» ዓይነቱ ረጅም ነው፤ ሰው ዝም ብሎ በፍቅርም የሚለው ስለሆነ ትርጉሙ ይሳሳል። በቃሉ ፈንታ ክሊከር፣ ማለትም ሲጫኑት «ቀጭ» የሚል የብረት ምላስ ያለው ትንሽ ሣጥን መጠቀም ይቻላል። የክሊከር ብልጫው ድምፁ የባለቤቱን ስሜት አለመከተሉ ነው። ጉዳቱ አንድ እጅ መያዙና ቤት መረሳቱ ነው።

ቃሉ በራሱ ለውሻው ምንም አይነግረውም፤ መጀመሪያ ከምግብ ጋር መጋባት አለበት። ጸጥ ባለ ክፍል 15 ትናንሽ ቁራጮች ይያዙ። ከውሻው ምንም አይጠብቁ። «ጎሽ!» ይበሉ፣ ለግማሽ ሰከንድ ያህል እጅዎን አያንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ይስጡ። በሁለት ቁራጮች መካከል ያለውን ጊዜ አንዴ 3 ሰከንድ፣ አንዴ 20 ሰከንድ እያደረጉ ያቀያይሩት፤ ካልሆነ ውሻው ቃሉን ትቶ ምቱን ይማራል። ይህ በቀን ሁለቴ ለሁለት ቀን ከተደረገ ለአብዛኞቹ ውሾች ይበቃል። ለመፈተን ውሻው ፊቱን አዙሮ ሌላ ነገር ሲያይ «ጎሽ!» ይበሉ። አንገቱን ቀልብሶ ምግቡን ከፈለገ ገብቶታል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፦ እጅ ከቃሉ ይቀድማል። ቃሉና እጁ እኩል ከተነሡ ውሻው እጁን ያያል እንጂ ቃሉን አይሰማም። ሁለቱም አንድ ነገር ስለሚነግሩት ጎላ ያለውን ይይዛል፤ ለውሻ ደግሞ የሚጎላው ወደ ምግብ የሚሄድ እጅ ነው። ስለዚህ ምግቡ ወገብ ላይ በሚታሰር ቦርሳ ውስጥ ይሁን፤ እጅ «ጎሽ» እስኪባል ድረስ እምብርት ላይ ወይም ከጀርባ ይረፍ። ቅጽበት መያዝን ያለ ውሻው መለማመድም ይቻላል፤ ሌላ ሰው ኳስ መሬት ላይ እያነጠረ፣ እርስዎ ኳሱ መሬት በነካ ቁጥር «ጎሽ» ይላሉ። ለመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ሁሉም ሰው ይዘገያል።

ምልክቱ ይህን ያህል ጉልበት የሚያገኘው አንጎል ሽልማትን የሚቆጥርበት መንገድ እንዲህ ስለሆነ ነው። የአንጎል ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልትዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በዝንጀሮዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል የሚያመነጩት የአንጎል ሴሎች መጀመሪያ ላይ ለሽልማት የሚሰጠው ጭማቂ አፍ ውስጥ ሲገባ ይነቃቁ ነበር። እንስሳው ከተማረ በኋላ ግን ምላሹ ጭማቂውን ወደሚያበስረው ምልክት ተሻገረ። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ሲቀር ደግሞ የሴሎቹ እንቅስቃሴ ከተለመደው በታች ወረደ። ከዚህ የሚወጣው የሥራ ደንብ አንድ ነው፦ «ጎሽ» ከተባለ ይከፈላል፤ በስሕተት አምልጦም ቢሆን ይከፈላል። አንድ የተሳሳተ ክፍያ ብዙ አይጎዳም፤ የማይከፈልበት «ጎሽ» ግን ቃሉን ያረክሰዋል።

መጠንና ብዛት

አንድ ቁራጭ የአተር ፍሬ ያክል ይበቃል፤ ለትናንሽ ውሾች የዚያ ግማሽ። ትልቅ ቁራጭ ውሻውን በእጥፍ አያስደስተውም፤ ማኘኩ ብቻ ይረዝማል፣ ሆዱም ቶሎ ይሞላል። ለስላሳና በ1 ወይም በ2 ሰከንድ የሚዋጥ ነገር ይመረጣል። ተፈርፋሪ ብስኩት ለሥልጠና አይመችም፤ ውሻው ፍርፋሪውን ሲለቅም ልምምዱ ይቋረጣል፣ መሬት ማሽተትም ሳይታሰብ ይሸለማል።

በአዲስ ልምምድ መጀመሪያ ላይ በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ቁራጭ መስጠት የተለመደ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ በደቂቃ 2 ወይም 3 እየሰጠ ደግሞ «ውሻዬ ትኩረት የለውም» ይላል። ትኩረት የሚበተነው በሁለት ክፍያ መካከል ባለው ባዶ ጊዜ ነው። በደቂቃ 10 የማይደርሰው ውሻው ስለማይሳካለት ከሆነ ጥያቄው ከብዷል፤ ይቅለልለት።

የምግቡ ሒሳብ ግን መያዝ አለበት። ተጨማሪ ምግብ ከዕለት ካሎሪው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመከራል። 10 ኪሎ የሚመዝን፣ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያለው ጎልማሳ ውሻ በቀን ወደ 600 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል፤ አንድ አሥረኛው 60 መሆኑ ነው። ያለ ቆዳና ያለ ቅመም የተቀቀለ የዶሮ ደረት በ100 ግራም ወደ 165 ኪሎ ካሎሪ አለው። ስለዚህ ለዚያ ውሻ የሚፈቀደው ወደ 35 ግራም ነው፤ በአተር ልክ ሲከተፍ ከ70 ቁራጭ በላይ ይወጣዋል። ከዚያ በላይ ከተፈለገ ከራሱ ደረቅ ምግብ ላይ ጠዋት ተለክቶ ይነሣና በቀኑ ውስጥ ለሥልጠና ይውላል፤ ሳህኑ ውስጥ የሚገባው በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ፈጽሞ የማይሰጡም አሉ፦ ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ የማካዴሚያ ለውዝ፣ እንዲሁም ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ ያለበት ማንኛውም ነገር። ዛይሊቶል የውሻን የደም ስኳር በድንገት ይጥላል፣ ጉበትንም ይጎዳል። አንዳንድ የለውዝ ቅቤ ውስጥ ስለሚገባ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ይነበብ። ቅባት የበዛበት ቁርጥራጭ ደግሞ ለቆሽት መቆጣት ሊዳርግ ይችላል፤ «ትንሽ ነው» ተብሎ በቀን 50 ጊዜ የሚሰጥ ነገር ትንሽ አይደለም።

የትኛው ምግብ፣ የት

ውሻው የሚወደውን ከራሱ ማወቅ ይቻላል። በሁለት እጅ ሁለት ዓይነት ምግብ ይያዙ፣ ሁለቱንም ያሽተት፣ እጅዎን ጨብጠው አራርቀው ይዘርጉና ቀድሞ የሄደበትን ይስጡት። እጆቹን እያቀያየሩ 6 ጊዜ ይድገሙ፤ አንዳንድ ውሻ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ብቻ ስለሚሄድ ማቀያየሩ ግድ ነው። በዚህ መንገድ ሦስት ደረጃ ይወጣል፦ ዝቅተኛው፣ ብዙ ጊዜ ደረቅ ምግቡ፣ ለቤት ውስጥ፤ መካከለኛው ለግቢ፤ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ለምሳሌ የተቀቀለ ጉበት ወይም ዶሮ፣ ሌሎች ውሾችና ሽታ ለበዛበት ቦታ ወይም ለሐኪም ቤት።

ከፍተኛውን ለቀላል ነገር ማውጣት ዋጋ ያስከፍላል። ክሬስፒ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው የአይጦች ሙከራ፣ ብዙ ሲሸለሙ ቆይተው በድንገት የተቀነሰባቸው አይጦች፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ትንሽ ሲያገኙ ከነበሩት አይጦች እንኳ ቀስ ብለው መሮጥ ጀመሩ። ሳሎን ውስጥ ለ«ቁጭ» ጉበት የለመደ ውሻም በማግስቱ ደረቅ ምግብ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። አንድን ልምምድ በአንድ ደረጃ መጀመርና በዚያው መጨረስ ይህን ያስቀራል።

ምግብ ያልሆነ ሽልማትም አለ፤ አንዳንዴም ይበልጣል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴቪድ ፕሪማክ እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳሳየው፣ እንስሳው በራሱ ፈቃድ አዘውትሮ የሚያደርገው ነገር ብዙም ለማያደርገው ነገር ሽልማት ሊሆን ይችላል። ውሻው ወደ ዛፉ ሊሮጥ ገመዱን ሲወጥር ይቁሙ፤ ገመዱ እስኪላላ ይጠብቁ፤ «ጎሽ፣ ሂድ!» ብለው አብረውት ይሂዱ። በዚያች ደቂቃ የዛፉ ሽታ ከየትኛውም ሥጋ ይበልጥበታል፤ ባለቤቱ ደግሞ ሽታውን የሚያደለው እሱ ሆነ። ጉተታ ለሚወድ ውሻ ገመድ መጎተትም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን ደም ያሞቃል። ስለዚህ ለሩጫና ለጥሪ ይስማማል፤ ተረጋግቶ መተኛትን ለማስተማር አይሆንም።

በእጅ መምራትና መሸለም ለየቅል ናቸው

ሥጋውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ወደ መሬት በመሳብ ውሻን ማስተኛት ቀላል ነው። ያ ሥጋ ግን ሽልማት ከመሆኑ በፊት መሪ ነው፤ መሪነቱ ከቆየ ውሻው የሚታዘዘው ሥጋ ሲያይ ብቻ ይሆናል። «ምግብ ካልያዝኩ አይሰማኝም» የሚለው ሮሮ ምንጩ ይህ ነው እንጂ በምግብ ማሠልጠን አይደለም።

መሪው ሥጋ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ብቻ ይሥራ። በሚቀጥለው የባለቤቱ እጅ ባዶ ሆኖ፣ ጣቶቹ ሥጋ እንደያዙ ተቆንጥጠው፣ ያንኑ እንቅስቃሴ ይድገም። የውሻው ክርን መሬት ሲነካ «ጎሽ»፣ ከዚያ ከሌላኛው እጅ ወይም ከቦርሳው ይሰጣል። ውሻው እጁ ባዶ ሆኖም ምግብ እንደሚመጣ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ባዶ እጅ 10 ጊዜ ከሠራ በኋላ እንቅስቃሴው ያጥራል፦ መጀመሪያ እስከ መሬት፣ ቀጥሎ እስከ ጉልበት፣ በመጨረሻ ጣት ወደ ታች መጠቆም። «ተኛ» የሚለው ቃል የሚገባውም አሁን ነው፤ ቃሉ ይባላል፣ 1 ሰከንድ ይታለፋል፣ ከዚያ የእጅ ምልክቱ ይከተላል። ቃልና እጅ እኩል ከመጡ፣ ከ«ጎሽ» ጋር እንደተነገረው ሁሉ፣ እጁ ቃሉን ይውጠዋል።

መቼ ይክበድ፣ መቼ ይቅለል የሚለውን በስሜት ከመወሰን በቁጥር መወሰን ይሻላል። 10 ቁራጭ ቆጥረው ይያዙ፤ በ10 ሙከራ ስንት ጊዜ እንደተሳካለት ይዩ። 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ደረጃ ያክብዱ። ከ5 እስከ 7 ከሆነ ባለበት ይድገሙት። ከ5 በታች ከሆነ ያቅልሉት። ማክበድ ሲባል አንድን ነገር ብቻ ነው፦ ወይ ርቀት፣ ወይ ቆይታ፣ ወይ በዙሪያው ያለ ረብሻ። ርቀቱን ሲጨምሩ ቆይታውን ያሳጥሩ። «ቆይ»ን ሲያስተምሩ ሰከንዱ ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ አይሂድ፤ 2፣ 4፣ 1፣ 5፣ 3፣ 7 ዓይነት አካሄድ ይሻላል። ሁሌ እየከበደ የሚሄድ ጨዋታ ውሻውን ተስፋ ያስቆርጠዋል።

አንዱ ክፍለ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይበቃዋል። በየቀኑ ማሠልጠንም ግዴታ አይደለም፤ በዴንማርክ ተመራማሪዎች በቢግል ውሾች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት፣ በሳምንት 1 ቀን የሠለጠኑት በሳምንት 5 ቀን ከሠለጠኑት ባነሰ የሥልጠና ብዛት ያንኑ ነገር ተምረዋል። በቀን መቁጠሪያ ሲታይ ግን 5 ቀን የሠለጠኑት ቀድመው ጨርሰዋል። ጊዜ የሌለው ባለቤት ተስፋ የሚቆርጥበት ምክንያት የለም ማለት ነው።

ምግቡ የሚወርድበት ቦታ

«ጎሽ» ምን እንደተከፈለበት ይናገራል፤ ምግቡ የሚሰጥበት ቦታ ደግሞ ውሻው ቀጥሎ የት እንደሚሆን ይወስናል። በዚህ ላይ የሚጨነቅ ሰው ጥቂት ነው፣ ግማሹ ሥራ ግን እዚህ አለ። በግራ በኩል ገመድ ሳይወጥር እንዲሄድ የሚማር ውሻ ምግቡን ከባለቤቱ ቀኝ እጅ ከፊት ለፊት የሚቀበል ከሆነ፣ በሦስተኛው ቀን እግር ሥር እየገባ መንገድ መዝጋት ይጀምራል። ምግቡ በግራ እጅ፣ ከሱሪው ስፌት ጋር አጠገብ ለአጠገብ፣ በውሻው አፍ ከፍታ ልክ ይሰጥ። ከፍ ካለ ይዘላል፤ ወደ ፊት ከወጣ ይቀድማል።

በ«ቆይ» ላይ ባለቤቱ ወደ ውሻው ሄዶ ይሰጣል እንጂ ውሻው መጥቶ አይቀበልም። በምንጣፍ ላይ መተኛት ሲለማመድ ቁራጩ በፊት እግሮቹ መካከል ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል፤ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፣ እንደተኛ ይቀራል። ሥልጠናውን ደጋግሞ ለመጀመር ሲፈለግ ደግሞ በተቃራኒው ቁራጩ 2 ሜትር ራቅ ተደርጎ ይወረወራል፤ ውሻው ተነሥቶ ይበላል፣ ሲመለስ አዲስ ሙከራ ዝግጁ ነው።

ለ«ና» ያለው ዘዴ በጥንቃቄ ይያዝ። ውሻው ሲደርስ «ጎሽ»፣ ከዚያ አንድ እጅ የአንገት ማሰሪያውን ይይዛል፣ ሌላው እጅ ምግቡን እግር አጠገብ ይሰጣል። ማሰሪያው ሳይያዝ ምግቡ ከቀደመ ነጥቆ መሮጥን ይማራል። በአንድ ትልቅ ቁራጭ ፈንታ 8 ወይም 10 ትናንሾችን አንድ በአንድ ለ20 ሰከንድ ያህል መስጠት መጥቶ መቆየትንም አብሮ ይከፍላል። ከ10 ጥሪ 9ኙ በምግብና ተመልሶ በመለቀቅ ይጠናቀቁ። ተጠርቶ መጥቶ የታጠበ፣ የተቆጣ ወይም ከጨዋታ ተነጥሎ ቤት የገባ ውሻ «ና»ን የመጥፎ ነገር ማስታወቂያ አድርጎ ይይዘዋል። ለእነዚያ ሳይጠሩት ራስዎ ሄደው ያምጡት።

ሽልማቱን መቀነስ

ልማዱ በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ከ10 ውስጥ 9 ጊዜ እስኪሳካ ድረስ እያንዳንዱ ሙከራ ይከፈል። ከዚያ በኋላ አንዳንዱ ሳይከፈል ማለፍ ይጀምራል፦ መጀመሪያ ከ4 አንዱ፣ ቀጥሎ ከ3 አንዱ፣ ከዚያ ግማሹ፤ ውሻው የትኛው እንደሚቀር እንዳያውቅ እየተቀያየረ። የሚከፈሉት ፈጣኖቹና ያማሩት ይሁኑ፤ ዝርክርኮቹ በባዶ ይለፉ። በዚህ መንገድ ጥራቱም አብሮ ይስተካከላል።

በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ሌላ ጣጣ አለው። ሲከፈል የኖረ ድርጊት በድንገት ሳይከፈል ሲቀር፣ ከመጥፋቱ በፊት ለጊዜው ሊብስ ይችላል። ማዕድ ላይ በመጮህ ምግብ የለመደ ውሻ ሲነፈግ መጀመሪያ ይበልጥ ይጮኻል፣ በእግሩ ይቧጥጣል። በዚህ ሰዓት ተሸንፎ የሰጠ ቤተሰብ ያስተማረው ከበፊቱ የባሰ ጩኸት ነው። የሚነፈግ ከሆነ የቤቱ ሰው ሁሉ ይስማማ፤ አንድ ሰው በድብቅ አልፎ አልፎ ቢሰጥ ልማዱን የበለጠ ያጠነክረዋል።

«ና» ግን ከዚህ ደንብ ውጭ ነው። መኪና ወዳለበት የሚሮጥን ውሻ የሚያስቆም ቃል ዕድሜ ልኩን ሊከፈልበት ይገባል።

ሳይታወቅ የሚሸለሙ ጥፋቶች

ውሻው እንግዳ ላይ ይዘላል፣ «ቁጭ» ይባላል፣ ይቀመጣል፣ ሥጋ ያገኛል። ባለቤቱ መቀመጥን ሸለመ፤ ውሻው የተማረው ግን «ዘልዬ ከተቀመጥኩ እበላለሁ» የሚል ሰንሰለት ነው። ክፍያው መዝለሉን መቅደም አለበት፦ እንግዳው ገና በር ላይ ሳለ፣ አራቱም እግሮቹ መሬት ላይ እንዳሉ፣ ቁራጮች መሬት ላይ በየ2 ሰከንዱ ይቀመጡለት።

እጅ የሚነጥቅ ውሻም እንዲሁ በንጥቂያው ስለሚከፈል ነው። ቁራጩ በጭብጥ ይቅረብ፤ ጥርስ እስካለ አይከፈት፤ በምላስ ወይም በለስላሳ ከንፈር ሲነካ ይከፈት። በድንገት መንጠቅ የጀመረ፣ ከዚህ በፊት ግን ገር የነበረ ውሻ ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ተወጥሯል ማለት ነው፤ ከረብሻው ራቅ ማድረግ ይቅደም።

ምግቡን እንቢ ማለትም ራሱን የቻለ መልእክት ነው። ሆዱ ሞልቶ ሊሆን ይችላል፤ ከምግብ ሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ጠብቆ መሞከር ነው። ሙቀት ወይም ጥማት ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ የሚወደውን ጉበት ውጭ ከተፋው ፈርቷል ወይም ከልክ በላይ ተነቃቅቷል። ቤት ውስጥም የሚወደውን ካልበላ፣ በአንድ ጎን ካኘከ ወይም ከአፉ ከጣለው፣ ጉዳዩ የሥልጠና አይደለም፤ ጥርሱና ሆዱ በእንስሳት ሐኪም ይታይ።

የሚፈራ ውሻ

«ሲፈራ ብሰጠው ፍርሃቱን አልሸልመውም?» የሚል ጥያቄ አይቀርም። አይሸልምም። መቀመጥ ወይም መዝለል ውሻው የሚያደርገው ነገር ነው፤ ፍርሃት ግን የሚደርስበት ስሜት እንጂ ለክፍያ ብሎ የሚደጋግመው ሥራ አይደለም። እዚህ ምግቡ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፦ የሚያስፈራው ነገር የመልካም ነገር አብሳሪ እንዲሆን ማድረግ። ስለዚህ ውሻው ምን እንዳደረገ አይጠበቅም፣ «ቁጭ»ም አይባልም፤ የሚጠበቀው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሚያስፈራው፣ ለምሳሌ ሌላ ውሻ፣ ይታይ፣ በ1 ሰከንድ ውስጥ ምግቡ ይከተል። ሌላው ውሻ እስከታየ ድረስ ቁራጮቹ ሳይቋረጡ ይሰጡ፤ ሲሰወር ይቁሙ። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል፦ ሌላ ውሻ ከሩቅ ሲያይ ቦርሳውን ከፍቶ ውሻውን በሥጋ ለማዘናጋት ይሞክራል። እንዲህ ሲደጋገም የቦርሳው መከፈት «አሁን የሚያስፈራ ነገር ሊመጣ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ይሆናል፤ ውሻው ሥጋ ሲያይ ዙሪያውን መቃኘት ይጀምራል፣ በመጨረሻም ሥጋውን ራሱን ይጠላል። ይህ ከደረሰ ለጥቂት ሳምንታት የምግቡን ዓይነትና ቦርሳውን መቀየር፣ በቀን ውስጥም ምንም የሚያስፈራ ነገር በሌለበት ብዙ ጊዜ ቦርሳውን እየከፈቱ መስጠት ያስፈልጋል።

ርቀቱን የሚወስነው ውሻው ነው። ሌላውን ውሻ እያየ ምግቡን በለመደው ገርነት የሚወስድ ከሆነ ርቀቱ ልክ ነው። አይቶት በራሱ ወደ ባለቤቱ ዞር ማለት ሲጀምር፣ በሚቀጥለው ቀን 2 ወይም 3 ሜትር መቅረብ ይቻላል። አፉን ገጥሞ፣ ሰውነቱን አድርቆ ማፍጠጥ ከጀመረ፣ ወይም ቁራጩን ተቀብሎ ከጣለው፣ ሳይጮኽ በፊት ዞሮ ቀድሞ ወደሠራው ርቀት መመለስና የዕለቱን ልምምድ እዚያው ላይ በጥቂት ቀላል ቁራጮች መጨረስ ነው።